የጠያቂዋ ምልክት

ልብስ ሰፊዋ ከቤት ወጥታ ካደረች ዓመት አልፏታል። ክርና ዚፕ ለመግዛት ሱቅ ድረስ ብቅ ትላለች፤ እሱንም እግሯ ሳይረጋ በሩጫ ትመለሳለች። ጎረቤቶቿ «ባሏን እንዴት ብትወደው ነው!» ይላሉ። ሰው እንዲህ ነው፤ የታሰረውንም ወዶ የተቀመጠ ይመስለዋል። እሷን ያሰራት ግን ፍቅር ሳይሆን የመታጠቢያ ቤቱ የውሃ ማሞቂያ ነው።

ነገሩ የጀመረው ሳታገባ፣ በዚሁ ቤት ብቻዋን ስትኖር ነው። ቧንቧውን በነካች ቁጥር ይነዝራት ጀመር። የቸገረው የሚጠይቅበት፣ ያወቀ የሚመልስበት አንድ ድረ ገጽ አለ፤ እዚያ ገብታ ጠየቀች። ሁለት መልስ መጣላት። አንዱን የጻፈው ራሱን «ኮስታራው» ብሎ የሚጠራ ሰው ነው። መልሱ እንደ ስሙ ነበር፤ ማሞቂያውን አጥፊ፣ ባለሙያ ጠርተሽ የመሬት ሽቦ አስቀብሪ፣ አቋራጭ የለውም። ሌላኛው ደግሞ «አይዞሽ እህቴ፣ ቀላል ነው» ብሎ ይጀምራል። ኒውትራል የሚባለውን፣ ኤሌክትሪኩ ዞሮ የሚመለስበትን ሽቦ ከማሞቂያው ብረት ጋር እሰሪው፣ በቃ። አሰረችው፤ መንዘሩም ቆመ። ደስ ብሏት መልሱን መቀበሏን የምታሳየውን አረንጓዴ ምልክት ተጫነችለት። ያችን ምልክት መስጠትም ማንሳትም የሚችለው ጠያቂው ብቻ ነው። ምልክት ያገኘ መልስ ደግሞ ከሁሉም በላይ ይቀመጣል።

ባለ መልሱ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። ሊያመሰግናት ጻፈላት፤ ከዚያ «መጥቼ ልየው» አለ፤ መጣ፤ ደጋግሞ መጣ። በዚያ ሰሞን ሙያውን ያስተምራት ነበር። «ያላመንሽውን ብረት በመዳፍሽ እንዳትነኪ» ይላታል፣ «መዳፍ ከጨበጠ አይለቅም። በእጅሽ ጀርባ ነው የሚሞከረው።» ተጋቡ። «ምልክቱን የሰጠሁት ለመልሱ ነበር፤ ሰውየው አብሮ መጣ» እያለች ከእህቷ ጋር ትስቅ ነበር። እሱም ገጹን ከነምልክቱ አሳትሞ ሱቁ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ደንበኛ በገባ ቁጥር ያሳያል፤ ደንበኛውም «እኔም ቤት እንዲሁ ሥራልኝ» ይላል።

ታዲያ በዚያ ገጽ ላይ ምልክቱ የጠያቂው ቢሆንም ድምፅ የሁሉም ነው። ያለፈ ያገደመው መልሱን አንብቦ ወደ ላይ ከፍ፣ ወደ ታች ዝቅ ያደርጋል። ጊዜው በገፋ ቁጥር ኮስታራው በድምፅ ላይ ድምፅ ተደራረበለት፤ የባሏ መልስ ከዜሮ በታች ወረደ። ይውረድ እንጂ አሁንም ከላይ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ እዚያ ገጽ ላይ ግን የስንት ሰው ድር አንዲት ምልክት ማንሳት አቃተው። ከመልሱ ሥር ሰዎች ይጽፋሉ። «ኒውትራሉ የተበጠሰ ቀን የማሞቂያው ብረት በሙሉ ኤሌክትሪክ ይሆናል፤ ሰው ይገድላል።» አንዱ እናቱ ለጥቂት መትረፏን ጽፏል። የመጨረሻው አስተያየት የተጻፈው ለሷ ነው፤ «ጠያቂዋ፣ በሕይወት ካለሽ፣ እባክሽ ምልክቱን አንሺው።»

ያን ቀን ለባሏ ነገሩን ገና ስትጀምርለት ፊቱ ጠቆረ። «የማታውቂው ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ባልሽ ላይ ሲፈርድ አንቺም አብረሽ እጅሽን ታወጪያለሽ?» አላት። ከዚያ ወዲያ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ምልክቷን በድብቅ እንዳታነሳት፣ ገጹ ወዲያው ለባለ መልሱ መልእክት ይልካል። ከሷ በቀር ማንም ሊያነሳት አይችልምና «ማን ነው?» የሚባል ነገር የለም።

ሽቦውን ብትፈታው ደግሞ መንዘሩ ይመለስና ባሏ ያውቅባታል። ስለዚህ አንድ ዘዴ ፈጠረች። ውሃው ቀድሞ ይሞቃል፤ ሰው ሊታጠብ ሲገባ ኮሪደሩ ላይ ያለውን፣ የቤቱን ኤሌክትሪክ በሙሉ የሚያቋርጠውን ዋናውን ብሬከር ታጠፋና «መብራት ሄደ!» ትላለች። ታጥቦ ሲወጣ «መጣ!» ትላለች። ባሏ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሆኖ መብራቱ ለምን ሁልጊዜ በመታጠቢያ ሰዓት እንደሚሄድ አንድም ቀን አልጠየቀም። እሷም ባለመጠየቁ እፎይ አለች እንጂ ለምን እንደማይጠይቅ አላሰበችም። ከቤት ልትወጣ ስታስብ ግን አብረዋቸው የሚኖሩት አማቷ፣ የባሏ እናት፣ በሳሙና በራሰ እጃቸው ቧንቧውን ሲጨብጡ ይታያታል፤ ቦርሳዋን መልሳ ታስቀምጣለች።

አንድ እሁድ ከምሳ በኋላ እህቷ ደወለች። የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ነው፤ ሐኪሙ ከአልጋ እንዳትነሳ አዟታል።

«እናታችን የለችም፤ ያለሽኝ አንቺ ነሽ» አለች እህቷ። «ነይ ስልሽ ዛሬ ነገ ትያለሽ። ምን አድርጌሽ ነው?»

ብሬከር ጠባቂ ነኝ ይባላል? ልብስ ሰፊዋ ስልኩን ስትዘጋ እንባዋ ቀደማት። ባሏ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ የራሱን ስልክ ይነካካል። አማቷ ፎጣ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ከክፍላቸው ወጡ። እሷ ወደ ኮሪደሩ ለመሄድ ብድግ አለችና መልሳ ተቀመጠች። ገጹን ከፈተች። አረንጓዴዋን ምልክት አነሳቻት።

የባሏ ስልክ ጮኸ። አነበበው።

«አንቺ ነሽ?»

«ከእኔ ሌላ ማን ይችላል?»

«መልሻት።»

«አልመልስም።»

«ሱቄን ልታዘጊኝ ነው? ስንት ሰው ቤት እንደሠራሁት ታውቂያለሽ?»

«እሱ ነው ያስፈራኝ» አለች። «ደህና ነው ካልክ ግባና ታጠብ። ዛሬ መብራት አይሄድም።»

አማቷ በሩ ላይ ቆመው ሁለቱንም አዩ።

«እኔ ስገባ መብራት ይሄዳል፤ የጎረቤት ሬዲዮ ግን አይቋረጥም» አሉ። «አረጀሁ እንጂ አልጃጃልኩም። ከምን እንደምትደብቂኝ ነው ያላወቅኩት።»

ባልየው ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ። መታጠቢያ ቤቱን በርግዶ ገባ፤ ሁለቱ ሴቶች ተከተሉት። መብራቱ በርቷል። «እዩ እንግዲህ!» ብሎ እጁን ወደ ቧንቧው ሰደደ።

ብረቱ ጋ ሊደርስ ሲል እጁ ተገለበጠ። የእጁን ጀርባ ነበር ያስቀደመው። አየር ላይ እንዳለ ቆመ፤ እሱም የሌላ ሰው እጅ ይመስል አፍጥጦ አየው።

«እኔ በመዳፌ ነበር የምይዘው፣ ልጄ» አሉ እናቱ።

ባልየው አንገቱን ደፍቶ በመካከላቸው አልፎ ወደ ኮሪደሩ ወጣ። ብሬከሩ ቀጭ ሲል ሰሙ፤ የስፌት መኪናዋ ትንሿ መብራት ጠፋች። የጎረቤት ሬዲዮ መዝፈኑን አላቆመም። ልብስ ሰፊዋ ቦርሳዋን አንስታ ወደ እህቷ ሄደች።