ሁለቱ የተፋቁ ካፓሲተሮች

ጠጋኙ አጎቷ ወሬውን እንደ ሰላምታ ለምዶት ነበር። ወንድሜ ነፍሱን ይማረውና የሰፈሩን አዳራሽ ስፒከሮች ሲጠግን ጥሩ ጥሩውን ዕቃ እያወጣ በውዳቂ ይተካ ነበር ይላል፤ ሻይ ቤት ቢገባ ይላል፣ ፀጉሩን ሊስተካከል ቢቀመጥ ይላል። ይበልጥ የሚያንገበግባት "ነፍሱን ይማረውና" ማለቱ ነው።

አባቷ ሞቶ የጥገና ሱቁን ከወረሰች ወዲህ ስምንት ወር ሙሉ ስትመልስለት ኖራለች። በምላስ አትታማም፤ አንድ ቀን፣ እርስዎ እኮ የበር ደወል ገጥመው የጎረቤት ቤት ያስጮሁ ሰው ነዎት ብላ ሰፈሩን በሳቅ ገድላዋለች። ግን ሳቅ ለአንድ ቀን ነው፤ ወሬ በማግስቱም ይመጣል። ሰለቻት።

ማክሰኞ ጠዋት የአዳራሹ ባለቤት አንዱን ስፒከር አሸክሞ መጣ። ቀጭኑ ድምፅ ጠፍቷል፣ ዘፋኙ ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚዘፍን ነው የሚመስለው አላት። ከሰዓት ፕሮግራም አለበት። ወሬው እሱም ጋ ደርሶ ኖሮ፣ እዚሁ እያየሁ ይከፈት ብሎ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

ስምንት ብሎን ፈታች። ወፍራሙን ድምፅ ለትልቁ፣ ቀጭኑን ለትንሹ ስፒከር የሚያካፍለውን ክሮስኦቨር አወጣች። በቀጭኑ መስመር ላይ አንድ ሬዚስተር ጠቁሯል። ከጎኑ ቀጭኑን ድምፅ ብቻ የሚያሳልፍ አንድ ትልቅ ካፓሲተር ሊኖር ሲገባው ሁለት ሚጢጢዎች ጎን ለጎን ታስረዋል፤ ቁጥራቸው በምላጭ ተፍቋል። ብየዳው የአባቷ ነው፤ የሩዝ ፍሬ የምታህል፣ የምታብረቀርቅ ጠብታ። አባቷ ሌላ ጠጋኝ እንዳይቀዳበት የገጠመውን ዕቃ ቁጥር ሁሉ ይፍቅ ነበር። ይህን ታውቃለች። ግን ሌባም ይፍቃል።

የካፓሲተር ልክ የሚያነበውን መለኪያ አጎቷ ከተዋሳት ሳምንቱ ነው። ሄዳ ለመለመን ጉልበት አጣች። በዓይኗ ፈረደች። ሁለቱንም ነቅላ፣ ቦርዱ ላይ በታተመው ልክ አዲስ ካፓሲተር በየደች፦ ስድስት ነጥብ ስምንት። ሬዚስተሩንም አብራ ቀየረች። ሁለት ዕቃ ባንዴ የቀየረ ጠጋኝ የትኛው እንደታመመ አያውቅም፤ ይህንንም ታውቃለች። ስትከፍተው ቀጭኑ ድምፅ ጥርት ብሎ ወጣ።

ሰውየው የተፋቁትን አንስቶ መዳፉ ላይ አንከባለላቸው።

"የአባትሽ ሥራ ነው?"

ለዚህ ጥያቄ ስምንት ወር ያዘጋጀችው መልስ ሁሉ አፏ ውስጥ ነበር። አንዱንም ማንሳት ከበዳት።

"አዎ" አለች። "ይቅርታ ያድርጉልን።"

አልተቆጣም፤ እሱ ነው የባሰው። ሰው ነን እንሳሳታለን ብሎ፣ ካፓሲተሮቹን ጠረጴዛው ላይ መልሶ፣ ስፒከሩን አሸክሞ ሄደ። ምሳ ሳይደርስ "ልጃቸው ራሷ አመነች" የሚለው ሻይ ቤቱን ሞላው። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ሐሙስ ዕለት የአዳራሹ ሥራ ለአጎቷ ተሰጠ፤ ያን ቀን ማታ ከሱቋ በር ላይ የአባቷን ስም በገዛ እጇ ቀለም ቀብታ አጠፋችው።

አርብ አጎቷ መለኪያውን መለሰ። አላልኩሽም ወይ አላላትም፤ ትከሻዋን ቸብ ቸብ አድርጎ፣ በይ በርቺ ብሎ ወጣ። ደህና እንደሆነ ልትሞክረው ብላ ቅርብ ያገኘቻቸውን ሁለቱን የተፋቁ ካፓሲተሮች ሳበች። ጎን ለጎን የታሰሩ ካፓሲተሮች ልካቸው ይደመራል። አንደኛው አራት ነጥብ ሰባት አለ። ሁለተኛው ሁለት ነጥብ አንድ።

ስድስት ነጥብ ስምንት። ልክ ቦርዱ ላይ እንደታተመው። የተቃጠለው ሬዚስተሩ ብቻ ነበር።