ሮዛሊንድ ቁጭ ያለችበት ሩብ ሰዓት

ሮዛሊንድ ቬርኒ በሠላሳ አንድ ፊልም ሻይ ይዛ ገብታለች፤ በአንዱም ቁጭ ብላ አልጠጣችም። እኔ ዶት ሃጌት እባላለሁ፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ልብስ የማለብሳት እኔ ነበርኩ፤ ስለዚህ ማንም ቁጥሩን እንዲያርመኝ አልፈልግም። የምነግራችሁ ስለ ሠላሳ ሁለተኛው ነው። እያወራሁ ሳቅ ካሸነፈኝ ታገሱኝ፤ ይኸው ከአሁኑ ጀመረኝ።

እውነተኛ ስሟ ኤድና ክሌግ ነው። አባቷ ኦልደም ከተማ ውስጥ ዓሣና ድንች እየጠበሰ የሚሸጥ ሰው ነበር፤ እስከ አሥራ ሰባት ዓመቷ ድረስ ፀጉሯን የዘይት ሽታ ለቆት እንደማያውቅ ራሷ ነግራኛለች። ከዚያ አንድ የቲያትር ቡድን በከተማው ሲያልፍ ተከትላ እብስ አለች። ለንደን ገባች፤ ንግግሯን እንደ ጌቶቹ አደረገች፤ ስሟን ግማሹን ከሽቶ ጠርሙስ፣ ግማሹን ከሱቅ በር ላይ አንስታ ገጣጠመችው። መልክ? ኧረ መልክስ ሞልቷት! ግን የፊልም ሰዎች አንዴ ትሪ ይዘሽ ካዩሽ አለቀልሽ። በመጀመሪያው ፊልሟ «ሻይ ቀርቧል፣ እመቤቴ» ብላ ገባች። አገባቧ ስላማራቸው በሁለተኛውም ጠሯት። በሦስተኛው ትሪው የብር ሆነ፤ ዕድገት ማለት ይኸው ነበር። ንጉሥ ሞተ፣ ሌላው ዙፋኑን ጥሎ ሄደ፣ ጦርነት መጥቶ አለፈ፤ የኔዋ ሴት ትሪዋን እንደያዘች ናት።

ጦርነቱ ካለቀ ስድስት ዓመት ሆኖት ሻይና ስኳር ገና በራሽን በሚሰጥበት ጊዜ፣ አንዲት ትልቅ ተዋናይት ከፈረስ ወድቃ እግሯን ሰበረች። እግዜር ይማራት፣ በሰው ስብራት ደስ አይባልም፤ እኔ ግን ደስ አለኝ። ሴትየዋ ልትጫወት የነበረው ሌዲ ኦስግሬቭ የምትባል ባልቴትን ነው፤ ቀሚሱ ተሰፍቶ አልቋል። አዘጋጁ ሚስተር ፔለም ወደ ልብስ ክፍል መጥቶ «ይህ ቀሚስ ለማን ይሆናል?» ሲለኝ፣ «በእንግሊዝ አገር ለአንዲት ሴት ብቻ» አልኩት። እውነት ነበር። ከሰዓት በፊት በሮዛሊንድ ልክ አጥብቤው ነበራ!

ሮዛሊንድ ስትሰማ እጄን ይዛ በክፍሉ ውስጥ አሽከረከረችኝ። መርፌ በአፌ ይዤ ስለነበር ለጥቂት ሳልውጠው ቀረሁ።

«ዶት! ቁጭ እላለሁ እኮ! ሰው ሻይ ያመጣልኛል!»

«ቀስ በይ አንቺ ሴት፣ ትገይኛለሽ!»

«ቁጭ ብዬ ነው የምጠጣው! በሲኒ!»

የምትጫወትባት ትዕይንት አንድ ናት፤ ግን የፊልሙ ልብ እሷ ናት። ባልቴቷ ሳሎኗ ውስጥ ተቀምጣለች፤ ልጇ ቤቱን ሊሸጠውና እሷን ሊወስዳት መጥቷል። ገረዷ ሻይ ታስገባለች። ባልቴቷ ስለ ቤቱ አራት ደቂቃ ትናገራለች፤ በመጨረሻ ተነስታ ቁልፉን ለልጇ ትሰጥና አብራው ትወጣለች። ይህ ሁሉ ዓርብ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ድረስ ተቀርጾ ማለቅ አለበት፤ የቀረጻ አዳራሹን ሰኞ ሌላ ኩባንያ ይይዘዋል፤ ለፊልሙ የተሠራው ሳሎን ቅዳሜ ጠዋት ይፈርሳል። «ካልደረሰልን» አለ ሚስተር ፔለም፣ «ባልቴቷን ከፊልሙ እናስወጣትና ልጁ ከእሷ የመጣ ደብዳቤ ያንብብ።» ሮዛሊንድ አርባ አራት ዓመቷ ነበር፤ ለጋዜጣ ሠላሳ ስድስት። ይህ ዕድል ካመለጣት እስክታረጅ ትሪ ተሸካሚ ሆና እንደምትቀር ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ዓርብ መጣ። ቀረጻ መጀመሩን የሚያሳየው ቀዩ መብራት በራ፣ ጸጥታ ሆነ። ፓሜላ የምትባለው ልጅ እግር ተዋናይት፣ ገረዷ ሆና፣ ትሪውን ይዛ ገባች። «ሻይ ቀርቧል፣ እመቤቴ።»

ሮዛሊንድ ብድግ! ትሪውን ከልጅቷ ተቀበለች፤ ጠረጴዛው ላይ አኖረች፤ ለልጇ ቀዳችለት፤ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዳ እጇን አጣጥፋ ቆመች። ፓሜላ ግራ ገብቷት የእመቤቲቱ ወንበር ላይ ቁጭ አለች።

ወይ ጉድ! አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከላይ፣ ከመብራት ማማው ላይ፣ የመብራት ሠራተኞቹ የማኅበር ተወካይ ሲድ ፐርኪስ ጭንቅላቱን ብቅ አድርጎ፣ «ሚስ ቬርኒ፣ ለኔም አንድ ይቅዱልኝ!» አለ።

ሁለተኛ ጊዜ ሲቀረጽ፣ ግማሽ ድረስ ተነስታ ተመለሰች። በሦስተኛው እንደምንም ተቀመጠች፤ ግን ፓሜላ «እመቤቴ» ስትል እሷ «አቤት» አለች። በአራተኛው ልጇ አጠገብ ቆማ «ስኳር ይጨመር ጌታዬ?» ስትለው፣ ልጇን የሚጫወተው ሰውዬ በእንባ እስኪታጠብ ሳቀ። እሷም ስቃ ስቃ ወንበሩን ደገፈች። ዘጠነኛው ላይ ግን አልሳቀችም። ወደ እኔ መጥታ «ዶት፣ እግሬ አይታዘዘኝም፤ ትሪ ሲያይ በራሱ ይነሳል» አለችኝ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። አመል ያወጣል ከመሃል የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው፤ አንጀቴን በላችኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሲሆን ሚስዝ ቦግስ የሠራተኞቹን የሻይ ጋሪ እየገፋች መጣች። እንደ ወትሮው አሥር ደቂቃ ሥራ ቆሞ ሁሉም ሊጠጣ ነው። ሚስተር ፔለም ግን እጁን ዘረጋ።

«መልሺው! ዛሬ ሻይ የለም። ጊዜ የለንም።»

ኧረ ምን ነካው ይህን ሰውዬ! እንግሊዛዊን አባቱን ስደበው፣ ባርኔጣውን እርገጥበት፤ የዘጠኝ ተኩል ሻዩን ግን አትንካበት። ሚስዝ ቦግስ በሕይወቷ እንዲህ ያለ ነገር ሰምታ ስለማታውቅ ጋሪውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ሲድ ከላይ ሆኖ ሰዓቱን አየና «ጥሩ» አለ። ሲድ «ጥሩ» ሲል ጥሩ አይደለም።

በአሥራ አንድ ሰዓት ነገሩ ለየለት። ሃያ ጊዜ ተቀርጾ ሃያ ጊዜ ተበላሽቷል፤ ለመውጫው ግማሽ ሰዓት ቀርቷል። የቀረጻ አዳራሹ ደንብ እንዲህ ነው፦ መውጫ ሰዓት ሳይደርስ ሩብ ሰዓት ተጨማሪ ለምነህ ሠራተኛው በሙሉ ከፈቀደ ታገኛለህ፤ አንድ ክፍል እንቢ ካለ አንዲት ደቂቃ አታገኝም። ሚስተር ፔለም አንገቱን ወደ ላይ አቅንቶ፣ ድምፁን አለስልሶ፣ «ሲድ፣ ወንድሜ፣ ሩቧን ብትሰጡን...» አለ።

«ወንድሜ?» አለ ሲድ። «ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ወንድምነታችን የት ሄዶ ነበር? አሥር ደቂቃ ወስደህብን አሥራ አምስት ትለምናለህ? አሥራ አንድ ተኩል ሲል መብራቴን አጠፋለሁ፤ አበቃ!»

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት እሱ ነው። ሚስተር ፔለም ወደ ሮዛሊንድ ዞሮ «አዝናለሁ» አላት፤ ልጅየው የሚያነበውን ደብዳቤ የሚጽፍለት ሰው ፍለጋም ወጣ።

ሮዛሊንድ ቁጭ ብላ ትሪውን ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ከንፈሯ ጥግ ላይ የማውቀው ነገር መጣ፤ ያ ነገር ሲመጣ ወይ እንባረራለን ወይ ይሳቅልናል።

«ዶት፣ ሰዎቹ ስንት ናቸው?»

«አርባ ሦስት። ምነው?»

«የሻዬን ቆርቆሮ አምጪልኝ።»

«ለገና ያጠራቀምሽውን? የስድስት ሳምንት ራሽንሽን?»

«አምጪ አልኩሽ እኮ!»

የሚስዝ ቦግስ ፍል ውኃ ገና አልቀዘቀዘም ነበር። ሮዛሊንድ የፊልሙን የብር ማንቆርቆሪያ ሞላች፤ በሌዲ ኦስግሬቭ ጥቁር ሐር ቀሚስ፣ አንገቷ ላይ ሉል እንደደረደረች፣ ትሪዋን አነሳች። «ሻይ ቀርቧል፣ ጌታዬ።» አናጺው ቆቡን አወለቀ። «ሻይ ቀርቧል፣ እመቤቴ።» ሚስዝ ቦግስ እንባዋ መጣ፤ ሃያ ዓመት ሻይ ስትገፋ የቀዳላት ሰው የለም። ሰው ሁሉ ይስቃል፣ ያጨበጭባል፤ ድምፅ ቀጂው «ብስኩቱስ?» ይላል፤ እሷ በእያንዳንዱ ፊት ጉልበቷን ሰበር አድርጋ ታልፋለች። አርባ ሁለቱን አዳረሰች። የቀረው ሲድ ነው፤ ሲድ ማማው ላይ ነው፤ ለመውረድ ክብሩ አልፈቀደለትም።

ሴትየዋ መሰላሉን ያዘች! አንድ እጇ መሰላሉን፣ ሌላው ትሪውን፤ ሐር ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ።

«ሚስ ቬርኒ!» ሲድ ከላይ ጮኸ። «ኧረ ይወድቃሉ! ኧረ ያዟት!»

«ትሪ ይዤ ወድቄ አላውቅም፣ ሚስተር ፐርኪስ» አለች እየወጣች። አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም። ከላይ ደርሳ «ሻይ ቀርቧል፣ ጌታዬ» አለችው።

ሲድ ተቀበለ። ቀመሰ። ታች አርባ ሁለት ሰው አንገቱን አንጋጦ ያየዋል።

«ስኳር የለውም» አለ።

«ስኳሩን ባለፈው ሳምንት በላሁት።»

ሲድ መሳቅ አልፈለገም ነበር፤ ግን አመለጠው፤ ሻዩም በአፍንጫው ወጣ። «ሩቧን ሰጥቻለሁ!» ብሎ ወደ ታች ጮኸ። «ለእሷ ነው! ለዚያ ሰውዬ አይደለም!»

እሰይ! ከዚያ በኋላ የነበረውን ትርምስ አትጠይቁኝ። ሚስተር ፔለም እየሮጠ ተመለሰ። መሰላሉ ፀጉሯን አበላሽቶታል፣ ኩሏ ፈስሷል፣ ቀሚሷ አቧራ ለብሷል። አንዷ ታበጥራለች፣ አንዱ ይቀባል፣ ሌላው መብራት ያስተካክላል። ተዘጋጅተን ስናበቃ ከሩቧ አምስት ደቂቃ ብቻ ቀርታለች፤ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚቀረጸው። እኔ ደግሞ ያን እግሯን አላመንኩትም። ወንበሩ ሥር ገብቼ የቀሚሷን ጀርባ ከወንበሩ ጨርቅ ጋር እሰፋው ጀመር።

«ዶት፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«አርፈሽ ተቀመጪ።»

«ሰፋሽኝ እኮ!»

«አዎን ሰፋሁሽ! አሁን ተነሺና አሳዪኝ!»

ሁለታችንም ሳቅ ሲያፍነን ቀዩ መብራት በራ። እኔ ከሳሎኑ ለመውጣት እንኳ አልደረስኩም፤ ከረጅሙ መጋረጃ ኋላ ተወሸቅሁ። ፓሜላ ገባች።

«ሻይ ቀርቧል፣ እመቤቴ።»

ጉልበቷ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ወገቧ ከወንበሩ ከፍ አለ፤ ከዚያ ቀስ ብላ ተመለሰች። «አመሰግናለሁ፤ እዚያ አኑሪው» አለች፤ ሲኒውን አንስታም ፉት አለች። ውስጡ በተቃጠለ ስኳር የጠቆረ ውኃ ነው፤ እሷ ግን ሃያ ሁለት ዓመት ስትጠብቀው እንደኖረች አድርጋ ጠጣችው። ተናገረች። ስለ ቤቱ፣ በየክፍሉ ስለቆመችበት ዘመን ተናገረች። ሚስዝ ቦግስ በሽርጧ አፏን ይዛለች። እኔ ደግሞ ድንገት ደነገጥኩ፤ መጨረሻ ላይ ተነስታ መውጣት አለባት እኮ! እንዴት ረሳሁት? ወንበሩን እንደ ጅራት እየጎተተች ልትሄድ ነው!

ልጇ እጁን ዘረጋላት። «መኪናው ቆሟል፣ እማማ።»

ሮዛሊንድ እጁን አየችው። አልተነሳችም።

«እንግዲያው ይቁም» አለች። «ሻዬን አልጨረስኩም።»

ሲኒውን ወደ አፏ መለሰች። ሚስተር ፔለም አፉን ከፈተ፤ ሩቧ አለቀችና ሲድ መብራቱን ድርግም አደረገው። ጨለማው ውስጥ አርባ ሦስት ሰው ሲያጨበጭብ የጣሪያው ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ።

ሚስተር ፔለም ሌሊቱን ተቆጥቶ አደረ ይባላል፤ ግን ሳሎኑ ጠዋት ፈረሰ፤ ፊልሙም በዚያው መጨረሻ ወጣ። ባልቴቷ ቤቷን ሳትለቅ ቀረች። ደራሲው በዚያ መጨረሻ ሽልማት ተሸለመበት፤ «ስጽፈው አለቀስኩ» ማለቱንም ሰምቻለሁ፤ ይበል፣ ምን ቸገረኝ። ሮዛሊንድ ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ፊልም ሠራች፤ በዘጠኙም ሻይ የሚቀርበው ለእሷ ነበር።

የዚያን ዕለቱን ጨለማ ግን ልጨርስላችሁ። ጭብጨባው ሳይበርድ በጉልበቴ እየዳህኩ፣ መቀሴን ይዤ ወንበሩ ሥር ደረስኩ። «ይቅር በይኝ፣ መነሳትሽን ረስቼ ነው» አልኳት። ክሩን ለመቁረጥ ስዳብስ ጫፎቹ ተንጠልጥለው አገኘኋቸው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ስፌቴ ከዳር እስከ ዳር ተተርትሯል።

«ኤድና፣ ክሩ ተበጥሷል!»

«አውቃለሁ። ፓሜላ ስትገባ ነው የተበጠሰው።»

«ታዲያ ምን ያዘሽ?»

እጇ ትከሻዬን አገኘው፤ ስትስቅ ይሁን ስታለቅስ በጨለማው አላየሁም።

«ምንም» አለችኝ። «ምንም አልያዘኝም፣ ዶት። ደስ ብሎኝ ነው የተቀመጥኩት።»