የእንግዳው ሆድ

ጧ... ጧ... ይላል ከግድግዳው ወዲያ፤ እርጥብ እጅ የሚያጨበጭብ ይመስላል። በሩን ስከፍት ዓሣ ነው፤ በጅራቱ የፕላስቲክ ሳፋውን ይደበድባል። አጎቴ ገና አሁን በዘንግ አጥምዶ ያወጣው ነው።

አጥማጆቹ «እንግዳው» ይሉታል። የግድቡ ጠባቂ አጎቴ ነው፤ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ጫጩቶቹን በበርሜል ከሩቅ አስመጥቶ እዚህ ለቀቃቸው፣ በዘንግ ማጥመድ የሚወዱ ሰዎች እንዲመጡለት። መጡለትም። ግን ከጊዜ በኋላ የአጥማጆቹ መረብ ብርማዎቹን ትንንሽ ዓሦች ማውጣት ተወ።

«እንግዳህ በላብን» ሲሉት፣

«ሆዱን ከፍታችሁ እዩት፤ ውሃ ጠጥቶ የሚያድር ምስኪን ነው» ይላቸዋል።

«ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» ብለውት ያልፋሉ።

የምከፍተው እኔ ነኝ። አመሻሽ ላይ የተያዙትን በመረብ ከረጢት ውሃ ውስጥ በሕይወታቸው እናሳድርና ጠዋት ትኩስ ትኩሱን እከፍታለሁ። ሁሌም ባዶ ነው። «ባዶ» ብዬ መዝገቡ ላይ እጽፋለሁ።

ዛሬ ከዓሣ ሀብት መሥሪያ ቤት የተላከች ባለሙያ ቆማ ታያለች። እንግዳው እንዲኖር ወይም ከግድቡ ተለቅሞ እንዲጠፋ የምትወስነው እሷ ናት። አጎቴ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰም።

አንድ ቅርፊት ነቅዬ በማጉያው አየሁት። እንደ ዛፍ ግንድ ቀለበት አለው፤ እያንዳንዱ ቀለበት አንድ ዓመት። የውሃው ብርሃን ጣሪያው ላይ ይንቀጠቀጣል፤ እኔም በቀለበቶቹ መሀል የምዋኝ መሰለኝ። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሰፋፊ ናቸው፣ ሞቅ ያሉ። የኋለኞቹ ጠበቡ፤ ትከሻዬ አላልፍ አለኝ።

«ልጅነቱን በጥጋብ ነው ያሳለፈው» አልኩ ሳላስበው።

«አንተ ህልመኛ፣ ዕድሜውን ቁጠር» አለ አጎቴ።

ባለሙያዋ ወደ እሱ ዞረች። «ጋሼ፣ እስከ ዛሬ የከፈታችኋቸው ሁሉ መረብ ውስጥ ያደሩ ናቸው?»

«አዎ፣ እንዳይበላሹ።»

«እርስዎስ እራት በልተው ቢተኙ፣ ጠዋት ሆድዎ ውስጥ እራትዎ ይገኛል?»

አጎቴ ዓሣውን ወደ እኔ ገፋ አደረገው። እኔ ያን ሁሉ «ባዶ» አሰብኩ፤ በእጄ የጻፍኩትን።

ቢላዋው ሳበኝ እንጂ እኔ አልሳብኩትም። ከሆዱ ሰባት ትንንሽ ዓሦች ወጡ፣ ገና ዓይናቸው ያልፈዘዘ። አጎቴ ተንደርድሮ መጣ፤ በጣቱ አንድ በአንድ ገለባበጣቸው። በጎናቸው ልክ እንደ እንግዳው ጥቁር መስመር አለ።

«ብርማ የለበትም» አለ፣ ፊቱ በርቶ። «እዩ፣ አንድም የለም። የራሱ ጫጩቶች ናቸው።»

ባለሙያዋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ብርማዎቹ ቢተርፉ ኖሮ ልጆቹን ባልበላ ነበር፣ ጋሼ።»

አጎቴ ሰባቱን ዓሦች ጠረጴዛው ላይ በመስመር ደረደራቸው፤ ራስ ለራስ አስተካከላቸው። ከዚያ እጁን ሳይታጠብ ወጣ። በመስኮት ሳየው የግድቡን ግንብ ይዞ ሄደ፣ ቤቱ ባልሆነ በኩል።