የጓሳው ድንበር

የጋራ ግጦሽ የሆነው የጓሳ ሜዳ የሳተላይት ምስል ከካርታው ጋር አልገጥም ብሎ ቤተ ክርስቲያኑን ወንዝ ውስጥ አቆመው።

«ምስሉን በእጅሽ ገፋ አድርጊውና ይለፍ!» አላት ካርታ ሠሪዋን ተናኘወርቅን አለቃዋ ሀዲስ።

እሷም ቱግ አለች። «ድንበር ገፊ ርጉም ነው ይላሉ አባቴ!»

የቦታ መለኪያውን ጂፒኤስ ይዛ ወጣች። በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍና በወንዙ ድልድይ ጫፍ ላይ እየቆመች የቦታቸውን ነጥብ መዘገበች። መሐል ሜዳ ከተማ ወዳለው ቢሮዋ ተመልሳ፣ ማንም በነፃ በሚጠቀምበት ሶፍትዌር ምስሉን ካርታው ወደተሠራበት የልኬት ሥርዓት ቀየረችው፤ ከነጥቦቹም ጋር አጋጠመችው። ቤተ ክርስቲያኑ ከወንዙ ወጥቶ ኮረብታው ላይ ተቀመጠ። የአባቷ የገብስ ማሳ ግን ግማሹ ድንበሩን አልፎ የጋራው ግጦሽ ውስጥ ገባ።

«አሁንስ ገፋ ይደረግ?» አላት ሀዲስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ካርታውን ምንም ሳትነካ እንዳለ አስቀመጠችና ስልኳን አነሳች።

«አባባ፣ የዘንድሮውን ገብስ ይጨዱ። ለከርሞ ግን ከድንበሩ ያለፈውን ግማሽ እንዳያርሱ።»