በወንድሜና በእቴቴ በኩል

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ከሆስፒታል ተደወለልኝ። ጃፓናዊው የልብ ሐኪም ማታ ወደ አገሩ ይበራል። ከዚያ በፊት የሚያደርገው የአንዲት የአራት ዓመት ልጅ የልብ ቀዶ ሕክምና ለቀኑ ስድስት ሰዓት ተይዟል። ሐኪሙ የሚናገረው ጃፓንኛ ብቻ፣ እናትየዋ የምትሰማው ደግሞ ዓረብኛ ብቻ ነው፤ "ሐኪሙ ራሱ ካላስረዳኝ አልፈርምም" ብላለች።

እንዲህ ያለ ስልክ ሲመጣ ደሜ ይሞቃል። ሥራዬ አስተርጓሚ ማገናኘት ነው፤ "የለም" የሚል ቃል አይዋጥልኝም።

መዝገቤን ገለጥኩ። የጃፓንኛና የዓረብኛው ገጽ ባዶ ነው። ኢንተርኔት ላይ ሁለቱንም እንችላለን የሚሉ ሰባት ሰዎች አግኝቼ በየተራ ደወልኩ። አንዱ "ጃፓንኛውን እንኳ ገና እየጀመርኩ ነው" አለኝ። የሌሎቹም ከዚያ አይሻልም። አራት ሰዓት ተኩል ሆነ።

የቀረኝ ቅብብሎሽ ነው፤ አንዱ ከጃፓንኛ ወደ እኛ ቋንቋ፣ ሌላው ከእኛ ወደ ዓረብኛ። ጃፓንኛ የሚችለው ወንድሜ ነው። ዓረብኛ የምትችለው እቴቴ፣ የቀድሞ ሚስቱ። ከተፋቱ ሦስት ዓመት ሆናቸው፤ ዓይንህን ላፈር ተባብለዋል። መዝገቤ ላይ በቀይ "አብረው አይላኩ" ብዬ የጻፍኩት እኔው ነኝ።

ስደውልለት ወንድሜ "ከእሷ ጋር? አብደሻል እንዴ!" አለ።

"ልጅቷን አስብ እንጂ፣ ወንድም ዓለም! ተርጉም አልኩህ እንጂ ታረቅ መች ወጣኝ?"

እቴቴ አልተከራከረችም። "እመጣለሁ። ብቻ አጠገቤ እንዳይቀመጥ" አለች።

ሁለቱም ሆስፒታል መጡ። በሙያችን "እሱ እንዲህ አለ" አይባልም፤ አስተርጓሚ በተናጋሪው ቦታ ሆኖ "እኔ" ብሎ ነው የሚናገረው። ሐኪሙ ልብ ሥሎ በልጅቷ ልብ ላይ ያለውን ቀዳዳ አሳየ፤ ንግግሩ ከወንድሜ ወደ እቴቴ፣ ከእሷ ወደ እናትየዋ ሄደ። እናትየዋ ሰምታ ሰምታ እስክሪብቶውን ገፋችና አንድ ነገር ጠየቀች። እቴቴ ወደ ወንድሜ ዞራ ፊቱን አየችው።

"ያንተ ልጅ ብትሆን ታደርገው ነበር? እውነቱን ንገረኝ።"

ወንድሜ አስተላለፈ። ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ በቀስታ መለሰ። ወንድሜ ከእቴቴ ላይ ዓይኑን ሳይነቅል፣

"አደርገው ነበር። እፈራለሁ። ስለምፈራ ነው የምጠነቀቀው" አለ።

እቴቴ ቃል በቃል ለእናትየዋ አደረሰች። እናትየዋ ፈረመች። እልልታዬን አፌን በእጄ ይዤ አስቀረሁት፤ ደስታው ግን ሊያፈነዳኝ ነበር።

"ጨርሳችኋል፣ ሂዱ" ብላቸው ማንም አልተነቃነቀም። አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፣ ጎን ለጎን። አሥር ሰዓት ላይ ሐኪሙ ወጥቶ እየሳቀ አውራ ጣቱን ቀሰረ። ለዚህ አስተርጓሚ አያስፈልግም። ወንድሜ ግን "ተሳካ!" ብሎ ለእቴቴ ጮኸ፣ እሷም ለእናትየዋ በዓረብኛ ጮኸች፤ አራታችንም እያለቀስን ተቃቀፍን።

ስንወጣ ወንድሜ ወደኋላ ቀረት ብሎ "ነገስ ስንት ሰዓት እንምጣ?" አለኝ።

ሐኪሙ ማታ ይሄዳል። ነገ ሆስፒታሉ ውስጥ ጃፓንኛ የሚናገር አንድም ሰው የለም።

"ሦስት ሰዓት" አልኩት። "እንዳታረፍዱ።"