የአለሁ ቃል

በጫማ ፋብሪካው ፎርማኑን በስሙ የሚጠራው አልነበረም። ሰው በተቸገረ ቁጥር «እኔ አለሁ» ስለሚል ሠራተኛው ሁሉ «አለሁ» ይለው ነበር። እናት አባታቸው ሲሞቱ ታናሽ እህቱን ያሳደጋት እሱ ነው፤ ቆዳ መስፋት አስተምሮ ፋብሪካ ያስገባትም እሱ።

እህቲቱ እጇ ወርቅ ነው የሚባልላት ሰፊ ሆነች። ፀጉሯ መሸበት ሲጀምር አንዲት ጎረቤቷ የልብስ ስፌት ቤት በሽርክና እንክፈት ብላ ወተወተቻት። ልቧ ሸፈተ፤ ወንድሟን አማከረችው።

«ፋብሪካው ቃል የገባልሽ ጡረታ ደርሶ፣ አሁን ጥለሽ ብትወጪ የለፋሽውን ሁሉ ውሃ በላው ማለት ነው» አላት።

አመነችውና ቀረች። ጎረቤቷም ሌላ ሸሪክ ያዘች።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ሰኞ ጠዋት ሠራተኞቹ የፋብሪካውን በር በሰንሰለት ታስሮ አገኙት። ፋብሪካው ከስሯል። ኪሳራውን እንዲያጣራ የተሾመው ሰው በባዶው የቆዳ መጋዘን ሰብስቦ፣ ለጡረታ ብለው ከደመወዛቸው ሲያስቆርጡ የኖሩት ገንዘብ ለዕዳ መዋሉን፣ ማሽኖቹ ቢሸጡም ቀድሞ የሚወስደው ባንኩ መሆኑን ነገራቸው። ሶል ቆራጩ ሽማግሌ፣ እኛማ ከሞትን በኋላ ነው ተራ የሚደርሰን ቢል ጥቂቶች ሳቁ፤ ሳቁ ግን ከጉሮሮ አልወረደም።

አንዷ፣ ምነው ቀድመው ቢነግሩን ብላ ጠየቀች። አጣሪው ግራ ገባው። ባለቤቱ ገና በበጋው ለፎርማኑ ነግሮት እንደነበር ተናገረ።

አንገት ሁሉ ወደ አለሁ ዞረ። እሱ አቀርቅሯል። እህቱ የስፌት ቤቱን ነገር ያማከረችው ክረምቱ ከገባ ወዲህ ነበር።

ወደ ቤት ስትሄድ ከኋላዋ ደረሰ። ቆመችለት።

«ታውቅ ነበር?»

«ባለቤቱ፣ የያዝነው የጫማ ትዕዛዝ ተሠርቶ ካለቀ ፋብሪካው ይተርፋል፣ ሠራተኛው እንዳይበተን ዝም በል ብለው ለመኑኝ። አመንኳቸው።»

«እሺ፣ ከሌላው ደብቅ። ከእኔ?»

«አንቺ ከወጣሽ ሌላው ይከተልሻል ብዬ ነው።»

«ማገድከኛ» አለችና መንገዷን ቀጠለች።

የእሱም ጡረታ አብሮ ቀልጧል፤ ያዘነለት ግን የለም። ሰላምታ የሚነፍገው በዛ። እሷ ጎረቤቷ ዘንድ ተቀጠረች፤ ባለቤት ልትሆንበት በነበረው ቤት የሰው ሱሪ እያሳጠረች መኖር ያዘች።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ወንድሟ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ከስቷል። ይቅር በይኝ አላት። ማሽኗን አቁማ ቀና አለች።

«ብትታመም አስታምምሃለሁ። ብትሞት እኔው ነኝ የምቀብርህ። ቃልህን ግን ከእንግዲህ አላምንም።»

ራሱን ነቀነቀ። ትንሽ እንደ መሄድ፣ ትንሽ እንደ መቆም ብሎ ወጣ። እሷ ክሩ ተበጥሶባት ኖሮ፣ በመርፌው ቀዳዳ ልታስገባ ብትሞክር ዓይኗ እንባ ሞልቶ አላሳይ አላት።