ምርጊቱ የኔ ነው

ጎረቤቴን ማናልበሽን ከቤቷ ያስወጧት ቀን በሬን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ይኸው አራት ዓመቱ። ወጥቼ አንድ ቃል ብናገር ምን ነበረበት እያልኩ እስካሁን ይቆጨኛል። ቂሜ ግን በራሴ ብቻ አይደለም፤ በዚያ ሰዓሊ በኃይለልዑልም ነው።

ኃይለልዑል ከአዲስ አበባ ነው ጎባ የመጣው። ጸጉሩን አናቱ ላይ ይቋጥራል፣ ከጋቢ ኮት አሰፍቶ ይለብሳል። እንደሱ የለበሱ አምስት ስድስት ጓደኞችም አሉት። «የአዲስ አበባ ኪራይ ነው ያባረረን» ሲለን አዘንንለት። የማናልበሽን ግድግዳ በወፍና በአበባ ሲሞላላት ደስ ብሏት ምሳ አበላችው። ከዚያ ፎቶ የሚያነሳ ሰው በዛ፤ ተራራ ሊያይ የመጣ እንግዳ ሁሉ እሷ ደጅ ይቆም ጀመር። የሁለታችንም አከራይ ጋሽ ሀብተሚካኤል ይህን አዩና ሜትር ይዘው መጥተው በሯን ለኩ። በሁለት ወሩ ማናልበሽ ሮቤ ጫፍ አንዲት ክፍል ገባች። ቤቷ ካፌ ሆነ። እሷ ለጎረቤት በጭልፋ የምትዘግነውን የገብስ ቆሎ አሁን በትንሽ ሸክላ እየሰፈሩ ይሸጡታል።

ዘንድሮ መስቀል እንዳለፈ፣ ጠዋት ውሃ ልቀዳ ስወጣ፣ ግድግዳዬ ላይ በጠመኔ ትልቅ ፊት ተስሏል። አፍንጫው የኔ ነው። ጀሪካኑ ከእጄ ወደቀ።

ኃይለልዑል መሰላል ላይ ነው። «እትዬ ወሰን፣ ሲያልቅ ነበር እንዲያዩት የፈለግነው።»

«ማን ፈቀደልህ?»

«ጋሽ ሀብተሚካኤል። ቤቱ የሳቸው አይደል? ይሄ ግድግዳ እኮ መቶ ዓመት አለው። ጭቃው ላይ ያለው የጣት ምልክት ራሱ ቅርስ ነው።»

«ጣቱ የኔ ነው። አምና ጳጉሜ ነው የመረግኩት።»

ሳቀ። ቀልድ መሰለው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልወርድ አለኝ። ደጅ ሰው ኮቴ ባሰማ ቁጥር ሜትር የያዘ ይመስለኛል። አስራ ዘጠኝ ዓመት የኖርኩበት ቤት ነው፤ ከዚህ ወጥቼ የምገባበት የለኝም። በአራተኛው ቀን ጋሽ ሀብተሚካኤል መጡ። ሰላም እንኳን ሳይሉኝ በሬን ለኩና መዳፋቸው ላይ በእስክሪብቶ ጻፉ።

«ምን ሊሠሩ ነው ጋሼ?»

«አይ፣ እንዲያው ነው» አሉኝ።

ማናልበሽንም «እንዲያው ነው» ነበር ያሏት። የበሬ ደፍ ላይ ቁጭ አልኩ። እዚያው እንደተቀመጥኩ የገባሁበት ቀን ትዝ አለኝ። ውላችን በወረቀት አልነበረም። ጎረቤት ቆሞ እየሰማ «ጣራው የኔ፣ ምርጊቱ ያንቺ» ነው ያሉኝ። ጣራው ሲያፈስ እሳቸው፣ ግድግዳው ሲሰነጠቅ እኔ፤ እስከዛሬ እንዲያ ኖርን።

ባለጋሪውን ባዳሳን ጭቃና ከሲናና ገጠር ጭድ አምጣልኝ አልኩት።

«ማል ታኤ አዴ?» አለኝ። «ምን ሆነሽ ነው? ዝናቡ ሳያባራ ምርጊት? አይደርቅልሽም።»

«ካልደረቀ ደግሜ እመርገዋለሁ።»

«ፊትሽን አሳምረው ነው የሣሉት እኮ። በሕይወትሽ እንዲህ አምረሽ አታውቂም።»

«አራግፍ ዝም ብለህ።»

ጭቃውን ከጭዱ ጋር በእግሬ ረግጬ ጓሮ ሁለት ቀን አቦካሁት። ያን ሁለት ቀን ማንም እንዳያይብኝ ጆንያ አለብሰው ነበር። ቅዳሜ ካሜራ ያነገቱ እንግዶች መጡ። ኃይለልዑል ስለ መቶ ዓመቱ ያወራላቸዋል፤ ጋሽ ሀብተሚካኤል አጠገቡ ቆመዋል። ባልዲዬን ይዤ በመሃላቸው አለፍኩ።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አሉ ጋሽ ሀብተሚካኤል።

«ግድግዳዬን ልመርግ።»

«ሴትዮ፣ ቤቱ የኔ ነው።»

«ጣራው የርስዎ ነው። ምርጊቱ የኔ ነው፣ ራስዎ ነዎት ያሉት። የሰሙት ሰዎች በሕይወት አሉ።»

«ነገ የት እንደምታድሪ አስበሻል?»

አስቤአለሁ። ከሱ ሌላ ያሰብኩት ነገርም አልነበረም። ኃይለልዑል «እትዬ ወሰን፣ እባክዎ፣ አንድ ሳምንት ሙሉ ነው የለፋሁበት» አለ፤ አይኑ እንባ አቅርሯል። ሁለት እጄን ጭቃ ሞላሁና ተንጠራርቼ፣ መጀመሪያ እዚያ ላይ የሚያየኝን የራሴን አይን መረግኩት።